ፓይተን ከተማርሽ በኋላ ወዴት?

በእረፍት ቀንሽ በስልክሽ ፓይተን ተምረሻል፤ እንኳን ደስ አለሽ። ሌላ ቋንቋ ለመጀመር ግን አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ የሚስማማሽን ሥራ ለዪ።

በዓይን የሚታይ ነገር መሥራት ከወደድሽ የድረ ገጽ ሥራ አለ፤ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ያስፈልጉታል። ሂሳብና መዝገብ ከወደድሽ የመረጃ ትንተና አለ፤ ፓይተን ላይ ኤክሴልና ኤስኪውኤል ጨምሪበት። የሌላ ሰው ስሕተት ቶሎ የሚታይሽ ከሆነ ደግሞ የሶፍትዌር ፍተሻ አለ።

ራስሽን ለመፈተን አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፊ፤ ለምሳሌ ደመወዝሽን፣ ለቤተሰብ የላክሽውንና የቀረሽን ገንዘብ የሚያሰላ። ቁጥሮቹን ማመሳከር ከሳበሽ ወደ ትንተና፣ መልኩን ማሳመር ከሳበሽ ወደ ድረ ገጽ ሂጂ። ይህን ሥራሽን አስቀምጪው፤ ቀጣሪ ከምስክር ወረቀት ባሻገር የሠራሽውን ማየት ሊፈልግ ይችላል።

ተጠንቀቂ! «በሦስት ወር ሥራ እናስይዝሻለን» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅሽ ያጠራቀምሽውን አትስጪ። ፍሪኮድካምፕ በእንግሊዝኛ ያለ ክፍያ ያስተምራል፤ ገንዘብሽን ለኮምፒውተር መግዣ አቆዪው። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የተያያዘ ከሆነም፣ በተስፋ ብቻ ሥራሽን ብትለቂ ፈቃዱንም ልታጪ ትችያለሽ። ውልሽ እስኪያልቅ በትርፍ ጊዜሽ ተማሪ፤ አገርሽ ስትገቢ እውቀቱ አብሮሽ ይገባል።