የትምህርት ዕዳና የደጋው አገልግሎት

ከመንግሥት ዩኒቨርስቲ ተመርቀን የወጣን ወጣቶች አብዛኞቻችን ባለዕዳዎች ነን። በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል እየፈረመ ይማራል፤ ይኸውም የምግቡንና የመኝታውን ዋጋ፣ ከማስተማሪያውም ወጪ ድርሻውን፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እያስቆረጠ እንዲመልስ ነው። አውስትራሊያ እንዲህ ያለውን ሥርዓት በእኛ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ጀምራ ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። መምህር ለመሆን የሠለጠነ ተማሪ ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በማስተማር እንዲከፍል ተፈቅዶለታል፤ ሕፃናትን ፊደል ያስቈጠረበት ዘመን እንደ ብር ተቈጠረለት ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጥያቄ፣ እንዲህ ያለው ክፍያ በሰሜን ጎንደር ደጋ ለሚሠራ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ቢደረግ ሕመምተኛውን ይጠቅመዋል ወይ የሚል ነው።

ጎንደር ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በከተማዋ ተቋቋመ። ኮሌጁ የጤና መኰንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን ለየብቻ አስተምሮ አልተወም፤ በአንድ ጓድ አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ያወጣቸው ነበር። ዲግሪ ከመያዝ በፊት አንድ ዓመት ገጠር ወርዶ ማገልገል በዩኒቨርስቲው ተማሪዎች ላይ ግዴታ ሆኖ የተጀመረው ከዚያ አሥር ዓመት ቈይቶ በ1957 ዓ.ም. ነው።

የአእምሮ ሕክምና ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ብዙ ዘመን በአገሪቱ ለዚህ ሕመም የቆመ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን እዚያው በ1979 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሐኪሞችን በዚሁ ሙያ በአገር ውስጥ ስፔሻሊስት ማድረግ የተቻለው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ዩኒቨርስቲም ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር ሆኖ በሙያው ሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግዲህ የሚያስተምር አልጠፋም። የተቸገርነው የተማረው ሰው ጃናሞራና በየዳ ደርሶ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከዚያ ያለው መንገድ መልካም ነው፤ ከደባርቅ በኋላ ግን ተራራው ይጀምራል። ራስ ዳሸን ያለው በዚያ ነው። በዚህ አገር አንድ ወጣት አእምሮው ሲታወክ ቤተሰቡ አስቀድሞ ጠበል ይወስደዋል፤ ሲብስበትም፣ ገደል እንዳይገባ ወይም ሰው እንዳይመታ ሲሉ፣ እያለቀሱ ያስሩታል። እኛ ጠበሉን የምንነቅፍ አይደለንም፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱንም ቢውጥ ምን ይከለክለዋል? መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው በአቅራቢያው ከሌለ ግን ምርጫውም የለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ከተገደሉ ወዲህ ደግሞ፣ እንቅልፍ ያጣውና በድንጋጤ የሚባንነው ሰው በደጋው ላይ በዝቷል።

ለጤና ምሩቃን የግዴታ አገልግሎት ሲሠራበት ኖሯል። ሐኪሙ በዕጣ ይመደብ ነበር፤ የተባለውን ዘመን እስኪፈጽም ዋናው የትምህርት ማስረጃው አይሰጠውም ነበር። በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ወደ ገጠር ሄዷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ማስረጃው የተያዘበት ሰው ቀን ይቈጥራል፤ ቀኑ የሞላለት ዕለት ሻንጣውን ይሸክማል።

ለሌላ ሕመም ይህ ያን ያህል አይጐዳ ይሆናል። የተሰበረ እግር ማንም ሐኪም ቢጠግነው ያው እግር ነው። የአእምሮ ሕመምተኛ ግን ምስጢሩን ለአንድ ነርስ ለመንገር ብዙ ወር ይፈጅበታል። የሚጥል በሽታ ያለበትም፣ ብዙ ጊዜ የሚታየው በእነዚሁ ነርሶች ነውና፣ ኪኒኑን በየወሩ ሳያቋርጥ ካልወሰደ ምድጃ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ነርሷ ተዛውራ ምትኳ ሳይመጣ ሦስት ወር ቢያልፍ፣ የሁለት ዓመት ድካም ተመልሶ ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ ለዚህ ሙያ ትልቁ ነገር መላኩ ሳይሆን ማቈየቱ ነው።

አሜሪካኖች የጤና አገልግሎት ጓድ በሚሉት መሥሪያ ቤታቸው ይህን በሌላ መንገድ ይዘውታል። የሥነ ልቡና ባለሙያው ባለሙያ ወደ ጐደለበት አገር ወርዶ ሁለት ዓመት ሲሠራ ከትምህርት ዕዳው ትልቅ ድርሻ ይከፈልለታል፤ ዕዳ ከቀረውም ውሉን በየዓመቱ እያደሰ ይቈያል። ዘዴው መልካም ነው፤ እንዳለ ይቀዳ ማለት ግን አይቻልም። የአሜሪካኑ ዕዳ ተራራ ነው፤ የእኛ የወጪ መጋራት ዕዳ ደግሞ የብር የመግዛት አቅም እየወረደ በሄደ ቍጥር እየቀለለ የመጣ ነው። ዕዳህን እንፋቅልህ ስለተባለ ብቻ የየዳን ውርጭ የሚመርጥ ወጣት ጥቂት ነው።

በእኛ አስተያየት ወጣት ባለሙያ ከዕዳ ስረዛ ይልቅ የሚመኘው ተጨማሪ ትምህርት ነው። እንግዲያው ውሉ ሁለቱን ያጣምር፤ በደጋው የተሠራ እያንዳንዱ ዓመት ከዕዳው ይቀንስ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ውድድርም ነጥብ ይሁን። ዓመቱም እንደ ቦታው ይመዘን፤ የደባርቅ አንድ ዓመትና የበየዳ አንድ ዓመት እኩል ሊሆኑ አይገባም። ባለሙያው ሲሄድ ተተኪው አስቀድሞ መጥቶ ቢያንስ አንድ ወር አብረው ሕመምተኞቹን ይዩ፤ ይህን ሳይፈጽም የተነሣ ሰው የመጨረሻው ዓመት አይቈጠርለት።

ውሉ የሚያስረው ግን ባለሙያውን ብቻ መሆን የለበትም። የአእምሮ ነርስ ተብላ ተመድባ ሰው ስለጐደለ በክትባትና በቍስል ማሸግ ላይ የምትውል አለች፤ መድኃኒት ሳይኖራት የመዝገብ ወረቀት ብቻ ይዛ የምትቀመጥም አለች። እንዲህ ሆና የዋለችበት ወር ለእሷ በሙሉ ይቈጠርላት፤ ጕድለቱ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ስም ይጻፍ።