ተራራን በብስክሌት መውጣት እንዴት ይሠራል?

ጅቡቲ ከተማ ላይ ብስክሌት ይዞ ተራራ የሚያስብ ሰው መነሻው የባሕር ዳርቻ ነው። የአዲስ አበባ ብስክሌተኛ እንጦጦ ላይ የሚያማርረው ስስ አየር እዚህ የለም፤ ኦክስጅን እንደ ልብ ነው። የጅቡቲ ጣጣ ሌላ ነው።

ቅርቡ ዳገት አርታ ነው። የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ወደ ጋላፊ ድንበር የሚመለሱበትን መንገድ ይዞ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ያገኛታል፤ ከባሕሩ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። ሰውየው፣ ብስክሌቱ፣ ውሃውና ስንቁ ተደማምረው 85 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ይህን ሁሉ 700 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት የሚፈጀው ጉልበት 140 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው፤ ከአንድ ትልቅ ሙዝ ብዙም አይበልጥም።

ሂሳቡ የሚበላሸው ሰውነት ውስጥ ነው። ጡንቻ ካቃጠለው ምግብ ወደ ፔዳል የሚያደርሰው ሩቡን ቢሆን ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ አርታ ለመድረስ፣ ለሽቅቡ ብቻ፣ ቢያንስ 420 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ከሰውነት መውጣት አለበት። ሜዳው፣ ፀሐዩና ከአስፋልቱ የሚነሳው ግለት ገና አልተቆጠሩም።

ሰው ይህን ሁሉ ዳገት የሚችለው በማርሽ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ማርሽ ጉልበት አይጨምርም። የፊቱም የኋላውም ጥርስ 32፣ 32 ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል፤ ብስክሌቱ 2 ሜትር ያህል ይራመዳል። የፊቱ 48፣ የኋላው 12 ቢሆን በአንድ ዙር ከ8 ሜትር በላይ በሄደ ነበር፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት አይችለውም። ካቴናውን ወደ ትልቁ የኋላ ጥርስ ማዞር ማለት ያንኑ ሥራ በትናንሹ ከፋፍሎ፣ ረዘም ባለ ጊዜ መክፈል ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ እየመቱ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ነው።

ችግሩም እዚሁ ጋ ይጀምራል። ሜዳ ላይ ብስክሌተኛው ራሱ በሚፈጥረው ነፋስ ይቀዘቅዛል። በ9 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ነፋሱ የለም ማለት ይቻላል፤ ከኋላ በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ካለ ደግሞ ቆሞ እንደ መጋገር ነው። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቁም ነገሩ መትነኑ ነው። የባሕሩ አየር እርጥበት የተሞላ ስለሆነ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ የተንጠባጠበ ላብ ደግሞ ውሃና ጨው ይወስዳል እንጂ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ በሰኔና በሐምሌ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ይህን ጉዞ ማሰብ ሞኝነት ነው። ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ያኔም ቢሆን ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ።

ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለው የጎዳ ተራራ ግን ለልፋቱ ይክሳል። በየሺህ ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ 1,500 ሜትር ላይ ያለው የዳይ ደን ብሔራዊ ፓርክ ከባሕሩ ዳር በ10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እኛ አገር የምናውቀው የሐበሻ ጥድ እዚያም ይበቅላል፤ ብዙው ደርቆ መቆሙ ግን ያሳዝናል። ከጅቡቲ በቀር የትም የማይገኝ፣ ሊጠፋ የተቃረበ የቆቅ ዝርያም መኖሪያው በዚሁ ተራራና በአካባቢው ነው።

ቁልቁለቱ እረፍት የሚመስለው ላልሞከረው ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ሊማሊሞን ሲወርድ በማርሽ ይይዛል፤ ሞተሩ መኪናውን ያግተዋል። ብስክሌት ይህ የለውም፤ ፔዳል መምታት ሲያቆሙ የኋላው ጥርስ ለብቻው ስለሚለቅ ማርሹ ምንም አይይዝም። ወደ አርታ ሽቅብ የከፈሉት 140 ኪሎ ካሎሪ በሙሉ በፍሬንና በአየር ብቻ መውጣት አለበት። ፍሬኑን ሳይለቁ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፤ ጎማ እስከማፈንዳት ይደርሳል። ቀጥታው ላይ ለቀቅ አድርጎ ለአየሩ መተው፣ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ እንደገና መልቀቅ ይሻላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየር ግፊያ አራት እጥፍ ስለሚሆን አየሩ ራሱ ጥሩ ፍሬን ነው።

የአሳል ሐይቅ ጉዞ ደግሞ ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። ሐይቁ ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች ስለሆነ ደስ የሚለው ቁልቁለት በጠዋት ያልቃል፤ ዳገቱ የሚመጣው ሰውነት ከዛለ በኋላ፣ በቀትር ነው። የሐይቁ ውሃ ከባሕር 10 እጥፍ ያህል ጨዋማ በመሆኑ ለመልሱ የሚጠጣው ሁሉ ሲወርዱ አብሮ ተጭኖ መውረድ አለበት።