ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው መሣሪያ

የቆየ ቃለ ጉባኤ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ እንደ አዲስ ቁጭ ብሎ መተየብ አሰልቺ ሥራ ነው። ገጹን በስልክ አንስተው ቢሰጡት ሊታረም ወደሚችል ጽሑፍ የሚለውጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ግን አለ፤ አማርኛም ያነባል።

በዚህ ሙያ ባሕር ዳር ድርሻ አላት። የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ከጀርመን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ2019 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ስብስብ 337,337 የአማርኛ መስመሮችን በምስል ይዟል፤ እያንዳንዱ ምስል ትክክለኛ ጽሑፉ አብሮት ተቀምጧል። በዚህ ስብስብ ሲሠለጥን ማሽኑ መስመሩን አይቶ ይገምታል፣ ግምቱ ከትክክለኛው ጋር ይመሳከራል፣ በልዩነቱ ልክ ራሱን ያስተካክላል። እየደጋገመ እንዲህ ይማራል።

መሣሪያ ሲመርጡ ዋናው ጥያቄ ታዲያ በምን ተማረ የሚለው ነው። ከነዚያ መስመሮች ከወረቀት የተወሰዱት 40,929 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው፣ የፊደል ቅርጻቸውም (ፎንታቸው) ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ነው። በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ የሠለጠነ መሣሪያ ንጹሕ ኅትመት ላይ ጎበዝ ቢሆን አያስገርምም። በጣና ሐይቅ ያለውን የክብራን ገብርኤል ገዳም የብራና መጽሐፍ ግን በዚያው ልክ ያነባል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ እሱ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ስሕተቱም ዓይን የሚያታልል ነው። «ለ» እና «ሰ» ይመሳሰላሉ፤ «ለማ» የተባለው ሰው «ሰማ» ሆኖ ቢወጣ ሁለቱም ያማርኛ ቃል ናቸውና የፊደል ማረሚያ አይይዘውም። ቀን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ለምሳሌ እምቦጭ የተባለው አረም ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። መሣሪያው «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ከዘለላት አንባቢው በእኛ አቆጣጠር ይወስደዋል፤ ነገሩ ሰባት ዓመት ዘግይቶ የተከሰተ ይመስላል። ያንን ጽሑፍ አሳጥርልኝ ተብሎ ቻትጂፒቲ ቢሰጠው ስሕተቱን ባማረ ዐረፍተ ነገር ሊደግመው ይችላል።

ስለዚህ ከመጠቀምዎ በፊት ይፈትኑት። ይዘቱን በደንብ የሚያውቁትን ገጽ ይስጡትና የት የት እንደሚሳሳት ይዩ።

የሕክምና ካርድ ወይም የይዞታ ማረጋገጫ ከሆነ ግን ኢንተርኔት ላይ አይጫኑት። ፎቶው ከእጅዎ ወጥቶ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ያርፋል። የሌላ ሰው ሰነድ ሲሆን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዳለ ያስታውሱ። ቴሰራክት የተባለው ነጻ መሣሪያ አማርኛን ያለ ኢንተርኔት፣ እዚያው ኮምፒውተርዎ ላይ ያነባል፤ ለእንዲህ ያለው ሰነድ እሱን መምረጥ ይሻላል።

በመጨረሻም ስምን፣ ቀንንና የገንዘብ መጠንን ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ዋናውን ሰነድም አይጣሉት።