ያልተረጨው መደብ ለምን ያስፈልጋል?

ዝናብ አጠር ከሆኑ አካባቢዎች ሰበካ ጉባኤያት ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ «በገበያ የሚሸጠው ፈሳሽ የዕድገት ማበልጸጊያ ለማሽላችን ይጠቅመናልን?» የሚል ነው። መልስ ከመስጠታችን በፊት የራሳችንን ስሕተት እንናገር። በአንድ አጥቢያ ፈሳሹ ከተረጨ በኋላ ምርቱ ከቀደመው ዓመት ስለ በለጠ «ውጤታማ ነው» ብለን ሪፖርት ጻፍን። በዚያ ክረምት ግን ዝናቡ ሳይቋረጥ እስከ መስከረም ዘልቆ ነበር፤ ለማወዳደሪያ የሚሆን ያልተረጨ መደብም አላስቀረንም። ምርቱን የጨመረው ፈሳሹ ይሁን ዝናቡ ዛሬም ለይተን መናገር አንችልም። ሪፖርቱን አምነው ከጓዳቸው ገንዘብ ያወጡ ገበሬዎች ስለ ነበሩ ነገሩ እስከ አሁን ይከነክነናል።

ተክል ውኃ ሲያጥረው በቅጠሉ ላይ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይዘጋል። ውኃ በትነት የሚወጣው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው፤ ተክሉ ምግቡን የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባውም በእነርሱው ነው። ስለዚህ ውኃውን ሲቆጥብ ዕድገቱ ይገታል። ማሽላ ከዚህም አልፎ ቅጠሉን ይጠቀልላል። የቀትር መጠቅለል ብቻውን አያስደነግጥም፤ ማለዳ ላይ ቅጠሉ ተዘርግቶ ከተገኘ ተክሉ በሌሊት አገግሟል። ማለዳም እንደ ተጠቀለለ ከቆየ ግን ጥማቱ ጸንቶበታል። ከኪዳን ጸሎት መልስ ማሳውን መጎብኘት ለዚህ የተመቸ ሰዓት ነው። የታየው ነገር ከነቀኑ ይመዝገብ፤ ማሽላ ራስ በሚያወጣበትና በሚያብብበት ወቅት የሚደርስ የውኃ እጥረት ፍሬውን ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳልና።

ትክክለኛ ሚዛንና ማድረቂያ ምድጃ ያለው ተባባሪ የምርምር ማእከል ከተገኘ የቅጠሉን የውኃ ይዘት መለካት ይቻላል። ቅጠሉ እንደ ተቆረጠ 2 ግራም፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲጠግብ 2.5 ግራም፣ ፈጽሞ ሲደርቅ 0.5 ግራም ቢመዝን፣ ሊይዝ ከሚችለው 2 ግራም ውኃ 1.5 ግራሙን፣ ማለትም 75 በመቶውን ይዞ ነበር ማለት ነው። ለአጥቢያ ሙከራ ግን ይህ የግድ አይደለም።

የግድ የሚሆነው የመደቦቹ አደላደል ነው። እኩል ስፋት ያላቸው ስምንት መደቦች ይከለሉ፤ አራቱ ይረጩ፣ አራቱ አይረጩ። የትኞቹ እንደሚረጩ ዕጣ ይወስን። በዓይናችን ከመረጥን፣ ሳናስበው እንኳ፣ ለምለሙን አፈር ለፈሳሹ እንሰጣለን። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን በዕጣ እንደ ለዩ የሚያስተምሩ ካህናት ይህን ለገበሬው ለማስረዳት ከእኛ ይልቅ ይቀናቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገርም አለ፦ ፈሳሹ የሚረጨው በውኃ ተበጥብጦ ነው። ስለዚህ ማወዳደሪያዎቹ አራት መደቦች በዚያው ቀን እኩል መጠን ያለው ንጹሕ ውኃ ይረጩ። አለዚያ የውኃውን ጥቅም ለፈሳሹ እንቆጥርለታለን።

በአጨዳ ጊዜ የዳር መስመሮች ተለይተው ይወገዱ፤ የዳር ተክል ብርሃንም ውኃም ከመካከለኛው ይበልጥ ስለሚያገኝ ሚዛኑን ያዛባል። ከዚያ የእያንዳንዱ መደብ ፍሬ ደርቆ ለብቻው ይመዘን። የታጨደው ስፋት 20 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ 1 ኪሎ ግራም ማለት በሄክታር 5 ኩንታል ነው። ያልተረጩት አራት መደቦች እርስ በርሳቸው በ1 ኪሎ የሚለያዩ ሆነው የተረጩት በአማካይ በግማሽ ኪሎ ብቻ ቢበልጡ፣ ፈሳሹ ጠቅሟል ብሎ መጻፍ አይገባም።

ገንዘብ የማይጠይቀውንም መንገድ በዚሁ ሥርዐት መፈተን ይቻላል። የማሽላን ዘር ለአንድ ሌሊት ያህል በንጹሕ ውኃ ነክሮ፣ ላዩን በጥላ አድርቆ፣ በማግስቱ እርጥበት ባለው መሬት መዝራት ቡቃያው ቶሎና ተስተካክሎ እንዲወጣ ያግዛል። በጸረ ተባይ የታሸ ዘር ግን ለዚህ አይሁን። ማወዳደሪያው ያልተነከረ ዘር ነው፤ የሚቆጠረውም በየቀኑ የበቀለው ቡቃያ ነው።

ከልኬቱ ሁሉ የሚከብደው ማወዳደሪያውን ማስቀረት ነው። «ይጠቅማል ካላችሁ ግማሹን ለምን ትከለክሉታላችሁ?» ያሉን አንድ አባት ነበሩ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በእርግጥ ይጠቅም እንደ ሆነ ገና አላወቅንምና ነው ብለን መለስን። ጉዳቱም በማንም ቤተ ሰብ እንዳይደርስ ሙከራው በገበሬ ማሳ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያኑ የአትክልት ቦታ እንዲሆን ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተስማማን። ዕጣውን ያወጡትም እኒሁ አባት ናቸው።