ከዳይፐር ወደ ፖፖ፦ ኦቲዝም ላለበት ልጅ

ልጅዎ 5 ዓመት ሞልቶት ዛሬም ዳይፐር ላይ ነው? «አሞላቅቃችሁት ነው» የሚሉዎትን አይስሙ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሽንቱ መምጣቱን ቶሎ ላያውቀው ይችላል፤ የሽንት ቤቱ ውሃ ድምፅም ሊያስፈራው ይችላል። ከፈራ፣ እሱ ከወጣ በኋላ ይልቀቁት። ሆድ ድርቀት ካለበት ደግሞ አስቀድመው ለሐኪም ያሳዩት።

ለጥቂት ቀናት የሚሸናበትን ሰዓት ይመዝግቡ፤ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብለው ያስቀምጡት። ሱሪ ማውለቁን፣ መቀመጡን፣ መታጠቡን በፎቶ አንስተው በቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ ይለጥፉ። የራሳችሁ ቤት ፎቶ፣ ከተገዛ ሥዕል ይሻላል። ሲሳካለት የሚወደውን ወዲያው ይስጡት፤ ማታ የሚሰጥ ብስኩት ከጠዋቱ ፖፖ ጋር አይገናኝለትም።

ከባዱ የቤተሰቡ ስምምነት ነው። እርስዎ «ሽንት ቤት»፣ ሞግዚቷ «ፖፖ»፣ አያት «ውጪ እንውጣ» ካሉት፣ ልጁ የሚሰማው ሦስት የተለያየ ነገር ነው። አንድ ቃል ይምረጡ፤ ለመምህሩም ይንገሩ።