ቡፌ ውስጥ የቀሩት ቪሲዲዎች

መጀመሪያ ገዝታችሁ ቤት ያስገባችሁት የፊልም ዲስክ የቱ ነበር? በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ሲጠየቅ ፈገግ ይላል። አንዱ ከመርካቶ የህንድ ፊልም ይዞ ገብቷል፤ ሌላው ለልጆቼ ብሎ ‹‹ቶም ኤንድ ጄሪ›› ገዝቶ ከልጆቹ በላይ ሲስቅ አምሽቷል። እኛ ቤት ቀድሞ የገባው የአማርኛ ፊልም ነው። ማጫወቻ ገና አልነበረንምና ዲስካችንን ይዘን ጎረቤት ሄደን አየነው።

ቪዲዮ ካሴት ለለመደ ሰው ቪሲዲ ተአምር ነበር። ወደ ኋላ አይጠነጠንም፣ ዴክ አይበላውም። ችግሩ አንዱ ዲስክ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ለሁለት ይከፈላል፤ ታሪኩ ሲጦዝ ቀጥ ይልና ‹‹ሲዲ ሁለትን አምጡ!›› ይባላል። በዚያች ፋታ ቡና ይቀዳል፣ ፈንዲሻ ይዞራል፣ ማን ማንን እንደሚያገባ ክርክር ይነሳል። ሲዲ ሁለትን ጎረቤት ተውሶት ከሆነ ደግሞ የፊልሙን መጨረሻ ከጎረቤት አፍ መስማት ነው።

የቪሲዲ ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ከአውጪዎቹ መካከል ፊሊፕስና ሶኒ ነበሩ። ዲቪዲ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሙሉ ፊልም በአንድ ዲስክ ስለሚይዝ ያቺ የመሀል ፋታ ቀረች። ‹‹ኦሪጅናል ነው ኮፒ?›› የሚለው ጥያቄ ግን አልቀረም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ በኋላም ኮፒው በየመንገዱ ይሸጥ ነበር።

ዛሬ የዚያን ጊዜ ፊልሞች ብዙዎቹ ዩቲዩብ ላይ ስላሉ ዲስኩ ቢጠፋም አያሳስብም። የሚያሳስበው እዚያው ቦርሳ ውስጥ አብሮ የተቀመጠው የሰርግና የክርስትና ዲስክ ነው። እሱ ሌላ ቦታ የለም። የእኛ አያት ድምፅ የቀረው ሲመርቁ በተቀረጸበት በአንድ የሰርግ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት ስንከፍተው ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ በአራተኛው ተነበበ። ምርቃቱ ተርፏል፤ የመልሱ ፕሮግራም ግን ግማሹ ጠፍቷል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፋብሪካ ፊልም ዲስኩ ላይ ታትሞ የወጣ ነው። የሰርጉ ግን በኮምፒውተር በርን የተደረገ፣ ማለትም በቀለም ንጣፍ ላይ በጨረር የተጻፈ ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ያንን ቀለም ያደክሙታል። ገልብጣችሁ እዩት፦ ወደ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ካደላ ብዙውን ጊዜ በርን የተደረገ ነውና ቅድሚያ ስጡት። ሲዲና ቪሲዲ ላይ መረጃው ያለው ጽሑፍ ካለበት ገጽ ሥር ስለሆነ እዚያ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ የተለጠፈውንም አትላጡ። ስታጸዱ በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር በቀጥታ ጥረጉ እንጂ አታዙሩ። የጥርስ ሳሙናውን እርሱት፤ ያው ሻካራ ነው፣ ሌላ ጭረት ሊጨምር ይችላል።

መገልበጡ ከባድ አይደለም። አዲሱ ላፕቶፕ የዲስክ ማስገቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካውን መጠቀም ይቻላል። ቪሲዲ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ከፎልደሮቹ በአንደኛው ውስጥ ትልልቆቹን የምስል ፋይሎች ታገኛላችሁ፤ እነሱን ኮፒ አድርጉ። ዲቪዲ ከሆነ ያለውን በሙሉ ገልብጡ። ሁለቱንም ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያጫውታቸዋል። አንዱን ቅጂ ቤት፣ ሌላውን እህት ወይም ወንድም ዘንድ አስቀምጡ።

ከዚያ አያቶችን አስቀምጣችሁ አብራችሁ እዩት፤ ብዕርና ወረቀትም ያዙ። ድንኳኑ ጥግ ቆመው እልል የሚሉት ሴትዮ ማን እንደሆኑ ከልጆቹ አንዳቸውም አያውቁም። የእኛዎቹን ለይታ የነገረችን እናታችን ናት፦ የአባታችን አክስት፣ ከደብረ ብርሃን ድረስ ድፎ ዳቦ ይዘው የመጡት።