የመዝገበ ቃላት መረጃን በኤክስኤስኤልቲ መለወጥ፦ የሞክሼ ሆሄያት ቅደም ተከተል እንደ ማሳያ

1. መግቢያ

በጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት መሪ ቃሉን በደማቅ፣ የቃል ክፍሉን በሰያፍ ጽሕፈት ያሳያል፤ ደማቁ ጽሕፈት መሪ ቃል መሆኑን ግን ለኮምፒዩተር አይነግርም። በመሆኑም ለተማሪዎች የሚሆን አጭር እትም ወይም የትርጉም ማውጫ በተፈለገ ቁጥር ብዙው ሥራ በእጅ ይደገማል። ኤክስኤምኤል ለእያንዳንዱ መረጃ ስም ይሰጣል፤ ኤክስኤስኤልቲ ደግሞ ስም የተሰጠውን መረጃ ወደሚፈለገው መልክ ይለውጣል። ይህ ጽሑፍ የኤክስኤስኤልቲን መሠረታዊ አሠራር ካስተዋወቀ በኋላ፣ የምንጩ አጻጻፍ ሳይነካ ሞክሼ ሆሄያት ያሉባቸው ቃላት እንዴት በቅደም ተከተል እንደሚደረደሩ ያሳያል።

2. የምንጩ ሰነድ

የሚከተለው ምሳሌ በጽሕፈት አንድ፣ በንባብ ሁለት የሆነውን ቃል ይመዘግባል።

<መዝገብ>
  <ቃል>
    <መሪ>አለ</መሪ>
    <ንባብ>ላልቶ</ንባብ>
    <ፍች>ተናገረ</ፍች>
  </ቃል>
  <ቃል>
    <መሪ>አለ</መሪ>
    <ንባብ>ጠብቆ</ንባብ>
    <ፍች>ይገኛል</ፍች>
  </ቃል>
</መዝገብ>

በፊደሉ የማይታየው ጥብቀት እዚህ ራሱን የቻለ መረጃ ሆኗል። አንዱ እትም ሊያሳየው፣ ሌላው ሊተወው ይችላል።

የኤለመንት ስሞችን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ከመጀመሪያው የተፈቀደ አልነበረም። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስኤምኤል 1.0 ለስሞች የፈቀደው በዩኒኮድ 2.0 የነበሩትን ፊደላት ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ዕትም 3.0 ነው። ፈቃዱ የመጣው በ2004 በኤክስኤምኤል 1.1፣ ኋላም በ2008 በኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም ነው። ክልከላው የሰነዱን ይዘት አይመለከትም ነበር። የቆዩ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለውን ሰነድ ባይቀበሉ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

3. የለውጡ አሠራር

የኤክስኤስኤልቲ የመጀመሪያ ዕትም በ1999 የዓለም አቀፍ ድር ኅብረት ምክረ ሐሳብ ሆኖ ወጣ። የለውጡ ሰነድ ራሱ በኤክስኤምኤል ይጻፋል፤ ዋና ይዘቱም አብነቶች ናቸው። አብነት ማለት «ይህ ኤለመንት ሲገኝ ይህ ይጻፍ» የሚል ደንብ ነው። ትእዛዞችን ከላይ ወደ ታች በተራ መጻፍ ለለመደ ሰው አስቸጋሪው ነገር፣ አብነቶቹ በሰነዱ ውስጥ የተቀመጡበት ተራ ለውጡን አለመወሰኑ ነው። ፕሮግራሙ ምንጩን ከሥሩ ጀምሮ እየተከተለ ለሚደርስበት ኤለመንት የሚስማማውን አብነት ይፈልጋል። አሠራሩ ለቋንቋ ተመራማሪ እንግዳ አይደለም፤ የሥነ ድምፅ ደንብም አውዱ በተሟላበት ቦታ ሁሉ ይሠራል።

ለጀማሪ ሁለት ነገሮች ቀድመው መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ አብነት ያልተጻፈለት ኤለመንት አይዘለልም፤ በውስጡ ያለው ጽሑፍ እንዳለ ወደ ውጤቱ ይፈስሳል። መረጃው እንዳይታይ ከተፈለገ ባዶ አብነት ሊጻፍለት ይገባል። ሁለተኛ፣ ምንጩ የስም ክልል ከተሰጠው፣ ለምሳሌ በቲኢአይ መመሪያ የተዘጋጀ ከሆነ፣ ያንን ክልል የማይጠቅስ አብነት ምንም አያገኝም። ውጤቱ የተዘበራረቀ ጽሑፍ ብቻ ሲሆን በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ይህ ነው።

4. ሞክሼ ሆሄያትን መደርደር

ኤክስኤስኤልቲ የመደርደሪያ ትእዛዝ አለው። ድርደራው በዩኒኮድ ቁጥር ብቻ ሲከናወን ግን በ«ሀሳብ» እና በ«ሐሳብ» መካከል የ«ለ» ቤት ቃላት በሙሉ ይገባሉ፤ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»ም በ«ረ» ቤት ይለያያሉ። ፈላጊው ቃሉን በአንዱ ቦታ አጥቶ «አልተመዘገበም» ሊል ይችላል።

ቀላሉ መፍትሔ ምንጩን በአንድ ፊደል ማስተካከል ይመስላል፤ ነገር ግን መረጃ ያጠፋል። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ደግሞ የሌብነት ግሥ ነው። የፊደሉ ልዩነት ከጠፋ የሥርወ ቃል ምስክርነቱም ይጠፋል።

የተሻለው መንገድ ለድርደራው ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ መፍጠር ነው። ለዚህ የሚረዳው የኤክስፓዝ ተግባር ሁለት የፊደል ዝርዝሮችን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ዝርዝር እያንዳንዱን ፊደል በሁለተኛው ዝርዝር አቻው ይተካል። የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ ቅርጽ አንድ የዩኒኮድ ቁጥር ስላለው ተግባሩ ይስማማዋል። ለአማርኛ የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ቤቶች በሰባት በሰባት ቅርጾቻቸው 35 ፊደላት ይሆናሉ፤ ከግዕዙ ጋር በድምፅ የሚገጥሙት ሃ እና ኣ ሲታከሉ 37። በዚሁ ምክንያት ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እና ሃ ሁሉም ወደ ሀ ይመለሳሉ።

ሁለቱ ዝርዝሮች እኩል ርዝመት ሊኖራቸው ግድ ነው። ሁለተኛው ካጠረ፣ አቻ ያጡት ፊደላት ከቁልፉ ይሰረዛሉ፤ ጉድለቱ መሃል ላይ ከሆነ ደግሞ ተከታዮቹ ሁሉ በተሳሳተ ፊደል ይተካሉ። ፕሮግራሙ በሁለቱም ሁኔታ ስሕተት አያመለክትም። ቁልፋቸው አንድ የሆነ ቃላትን ለመለየት የመጀመሪያው አጻጻፍ ሁለተኛ የመደርደሪያ ቁልፍ ይሆናል።

ዝርዝሩ ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል። በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ እንዲሁም አ እና ዐ የተለያዩ ድምፆች በመሆናቸው የአማርኛውን ዝርዝር ለትግርኛ መጠቀም ሕያው የድምፅ ልዩነትን መደምሰስ ነው። ባለ ብዙ ቋንቋ መዝገብ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል የቋንቋ መለያ ሊኖረው፣ ለውጡም ዝርዝሩን በመለያው መሠረት ሊመርጥ ይገባል።

5. ማጠቃለያ

የኤክስኤስኤልቲ ጥቅም የኅትመት ጉልበትን በመቀነስ ብቻ አይወሰንም። ተመራማሪው በድርደራ፣ በአጻጻፍና በጥብቀት ላይ የሚወስነው ውሳኔ በለውጡ ሰነድ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ሌላው ሊያነበው፣ ሊተቸው፣ ሊለውጠውም ይችላል። ከመስክ የተገኘው አጻጻፍ ግን በምንጩ ውስጥ እንደተመዘገበ ይቆያል።